ጋቢው ይቅር፣ ቁልፉ ግን አይረሳ

የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ሲወጣ የእኔም ፖስታ ይሞላል። ለአዲስ አንባቢ ልንገር፦ 11 ዓመት የሴቶች ዶርም ፕሮክተር፣ ማለትም የተማሪ ማደሪያ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ልጆቹ «ማዘር» ይሉኝ ነበር፤ ስሙ እዚህ ዓምድ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ከዘንድሮዎቹ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው መልስ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከርመዋል? የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ልጄ ዘንድሮ ሰመራ ደርሷታል። ከቤት ወጥታ አድራ አታውቅም። እናቷ ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል፤ ስለዚህ ሻንጣ የምናዘጋጀው እኔና እህቴ ነን። አልተስማማንም። ጥሪው አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ይዛችሁ ኑ ይላል። እህቴ በዚህ ላይ 5 ኪሎ ሽሮ፣ 3 ኪሎ በርበሬ፣ ጩኮ፣ ሁለተኛ ብርድ ልብስና አንድ ትልቅ ባልዲ ጨምራለች። እኔ ደግሞ የእናቷን ጋቢ ልሰጣት አስቤያለሁ። ላፕቶፕስ ተበድሬም ቢሆን ልግዛላት? ምን ትያዝ፣ ምን ይቅር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። እህትዎን አያስቀይሟት፤ ሽሮዋን ግን አያስጭኗት።

መጀመሪያ ክፍሉን በዓይነ ህሊናዎ ይዩት። ተደራራቢ አልጋ አለ። አራት፣ ስድስት፣ አንዳንዴም ስምንት ልጆች ይኖሩበታል። ለአንዷ የሚደርሳት አንድ አልጋ፣ አንድ ፍራሽና አንድ ሎከር ነው። ሎከር የምንለው ጠባብ የዕቃ ሳጥን ነው፤ ለሁለት የሚካፈሉበትም ቦታ አለ። ሎከር ውስጥ ያልገባ ዕቃ የሁሉም ነው። አልጋ ሥር ያደረ ሳሙና፣ ሎከር አናት ላይ የተቀመጠ ዳቦ ቆሎ፣ ሁሉም የጋራ ይሆናል። ሌባ አለ ማለቴ አይደለም። «ዶርሜቴ ናት» ተብሎ ይወሰዳል፣ በቃ። ስለዚህ ቤት ያለውን ቁም ሳጥን አንዱን በር ይክፈቱ። ዕቃዋ በሙሉ እዚያ ውስጥ ከገባ ደህና። ካልገባ በዝቷል፣ ይቀንሱ።

ሎከር ካልን ቁልፍ አለ። በዝርዝርዎ ላይ ግን የለም! ወፈር ያለ ጓጉንቸር ከደሴ ይግዙላት። ግቢ በር ላይ የሚሸጠውን አልወደውም፤ ምክንያት አለኝ። አንድ ማታ ሁለት ዶርሜቶች እየተጯጯሁ ቢሮዬ ገቡ። አንዷ «በሶዬን በላችብኝ» ትላለች። ሌላዋ «የራሴን ሎከር ከፍቼ የራሴን ነው የበላሁት» ብላ ትምላለች። መብራት አልነበረም። ለካ በጨለማ የከፈተችው የጓደኛዋን ኖሯል። ሁለቱም ቁልፋቸውን የገዙት በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ ነው። የአንዷ መክፈቻ የሌላዋንም ይከፍታል። የጎረቤት ዶርሞቹን ብሞክር ሦስተኛም ተገኘ። ቁልፎቹ ተቀየሩ፤ በሶው ግን አልተመለሰም።

መክፈቻው ሁለት ይሁን። አንዱ አንገቷ ላይ ይንጠልጠል፣ ሌላው የእጅ ቦርሳዋ ገበር ውስጥ ይሰፋ። መለዋወጫውን ሎከር ውስጥ የምታስቀምጥ ልጅ በየዓመቱ አትጠፋም። መዶሻ ይዤ ስንት ሌሊት እንደተነሳሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን ወደ ሽሮው። የት ይሠራል? ዶርም ውስጥ ማብሰል ክልክል ነው። ልጅዎ ካፌ የምትበላ ከሆነ ሽሮና በርበሬ ምንም አይሠሩላትም። ሽሮው ነቀዝ ያወጣል፣ በርበሬው ልብሷን ሁሉ በርበሬ በርበሬ ያሸተዋል። ጩኮውም ይቅር። ቅቤ አለበታ! በሰመራ ሙቀት ቀልጦ ከደብተሯ ጋር ነው የሚገናኘው። በሶው ያለ ቅቤ ይላክ። በውሃና በስኳር ተበጥብጦ ይጠጣል፣ እሳት አይፈልግም፤ ፈተና ሰሞን ሌሊት ስታጠና ይደርስላታል። ቆሎና ዳቦ ቆሎም ጥሩ ናቸው። የለውዝ ቅቤ አንድ ብልቃጥ ቢጨመር የቁርሷ ዳቦ ነፍስ ይዘራል። ሚጥሚጣ በትንሽ ዕቃ ይያዝ። የካፌ ወጥ አንድ ሳምንት ከበላች በኋላ ትመርቅዎታለች። ሁሉም ክዳኑ ግጥም በሚል ዕቃ ይሁን፤ ፌስታል አይጥ አያቆምም።

ቆሎው በዛ ይበል። የመጀመሪያው ማታ ሁሉም የየቤቱን ይፈታል። አንዷ ድርቆሽ፣ አንዷ ዳቦ ቆሎ፣ አንዷ ምንም። የሦስት ወር ተብሎ የመጣው በሦስት ቀን ያልቃል። ስልክ ደውላ «አለቀ» ስትልዎ እንዳይቆጧት።

ስለ ብርድ ልብሱ፦ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሰመራ 500 እንኳ አትሞላም። ከኮምቦልቻ በባቲ ወርዳችሁ ሚሌ ስትደርሱ ሹራቡ በራሱ ጊዜ ይወልቃል። በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ማለፉ ብርቅ አይደለም። ጥሪው ስላለ አንድ ስስ ብርድ ልብስ ትያዝ፣ ለታኅሣሥ ሌሊት ይሆናታል። ሁለተኛው ይቅር። በእሱ ፋንታ አንሶላው ሁለት ጥንድ ይሁን፣ ያውም ጥጥ። አብረቅራቂው አንሶላ ላብ አይመጥም። ሰፋ ያለ የጥጥ ቀሚስ፣ ስስ ሻርፕ፣ ትልቅ የውሃ ኮዳና ጥቂት ፓኬት ኦ አር ኤስ (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ፣ ከሰውነት የወጣ ፈሳሽ የሚተካ ዱቄት) ይጨመር።

አጎበርም ረስተዋል። ቆላ ነው፣ ወባ አለ። ሲገዙ አራት ማዕዘኑን እንጂ ክቡን አይግዙ። ክቡ ከጣሪያ ላይ ሚስማር ይፈልጋል፤ የዶርም ጣሪያ ላይ ማን ሚስማር ይመታላታል? አራት ማዕዘኑ በአራት ክር ከላይኛው አልጋ ብረት ላይ ይታሰራል። ስለዚህ ቀድማ ደርሳ የታችኛውን አልጋ ትያዝ። የታችኛው አልጋ ጣጣው የክፍሉ ሶፋ መሆኑ ነው፣ የመጣ ሁሉ ይቀመጥበታል። ይሁን፣ እንግዳ ከወባ ይሻላል። ፍራሹን ከማንጠፏ በፊት ግን ስፌቱን ገልበጥ አድርጋ ትይ። ጥቁር ነጠብጣብ ከተደረደረ ትኋን ነው። ያኔውኑ ፕሮክተሯን ጠርታ እንዲቀየርላት ትጠይቅ፤ ከተኛችበት በኋላ ልብሷም ይያዛል።

ባልዲው ይቅር። ሎጊያ ከሰመራ አፍንጫ ሥር ናት፣ ባልዲም ሳፋም እዚያ ይገዛል። ለስድስት ልጅ አንድ ሳፋ ይበቃል። ስድስቱም ከየቤታቸው ይዘው ሲመጡ ክፍሉ የሳፋ መጋዘን ይሆናል፣ አይቻለሁ። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ብቻ ትያዝ፤ ውሃ የሚሄድበት ቀን አለ። ለሻወር ነጠላ ጫማ፣ አራት ሜትር ገመድ፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ መርፌና ክር፣ የግንባር ባትሪ። እነዚህ ሲደመሩ አንድ ኪሎ አይሞሉም። አንድም ደግሞ ረጅም ሽቦ ያለው ማከፋፈያ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሶኬት አንድ ቢበዛ ሁለት ነው፣ እሱም ሁልጊዜ ከሌላ ሰው አልጋ ጀርባ ነው። ማከፋፈያ ያላት ልጅ የዶርሙ ባለሥልጣን ናት።

አሁን አባት የማይጽፈውን ልጻፍ። ሞዴስ ዝርዝርዎ ላይ የለም። የሦስት ወር ይግዙላት። እስክትጠይቅዎ አይጠብቁ፣ ታፍር ይሆናል። እርስዎም ሱቅ ገብቶ መግዛቱ ከከበደዎ ብሩን ለእህትዎ ይስጡ፤ ከሽሮው የተረፈው ይበቃል። የውስጥ ልብስም ከሚያስቡት በእጥፍ ይሁን። ማጠቢያ ቦታው ወረፋ ነው፣ ውሃ የጠፋ ሰሞን ደግሞ ጭራሽ።

ወረቀቱ ላይ እንዳይሳሳቱ። የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ ፋይዳ። ከየዋናው አራት አራት ኮፒ። ጉርድ ፎቶ ስምንት ከተባለ አሥራ ስድስት ያሳጥቡ። ለመታወቂያ አንድ፣ ለካፌ አንድ፣ ለኮስት ሼሪንግ ፎርም አንድ እየተባለ ያልቃል። ዋናውን ወረቀት በሻንጣ እንዳይከቱት። ሻንጣ አውቶቡስ ላይ ከእሷ ተለይቶ ነው የሚሄደው። በአንገቷ በምታንጠለጥለው ቦርሳ ይሁን። ብሩንም በእጇ አያብዙ፤ በየወሩ በቴሌብር ይላኩላት።

ላፕቶፑን አይበደሩ። የመጀመሪያው ዓመት የፍሬሽማን ኮርስ ነው፣ ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ሀንድአውቱን በስልኳ ታነበዋለች። ኮምፒውተር ነክ ነገር ከደረሳት ያኔ ይግዙ። ምን ዓይነት እንደሚያስፈልጋት እሷው ትነግርዎታለች፣ ሻጩ ሳይሆን።

ጋቢው። ይህን መጨረሻ ያደረግሁት ከባዱ ስለሆነ ነው። ሰመራ ላይ ጋቢ አይለበስም። ሎከር ውስጥ ታጥፎ ይከርማል፣ ቦታም ይይዛል፣ ሊጠፋም ይችላል። ከጠፋ ደግሞ ሌላ አይገዛም። እቤት ይቆይ። ለእረፍት ስትመጣ ደሴ ብርድ ናት፣ ያኔ ትልበሰው። እናቷ ነጠላ ትታ ከሆነ ግን እሱን ይስጧት። በሞቃት ሌሊት ከአንሶላ በላይ የሚያስፈልጋት እሱ ብቻ ነው። ታጥፎም ከአንድ መጽሐፍ አይበልጥም።

ጥያቄ፦ ማዘር፣ ጋምቤላ ተወልጄ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ደብረ ብርሃን ደረሰኝ። ሁሉም «ትሞታለህ» እያሉ ያስፈራሩኛል። እዚህ ገበያ ወፍራም ብርድ ልብስ አላገኘሁም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አትሞትም ልጄ። ብርድ ልብስ ከጋምቤላ ይዞ ወደ ደብረ ብርሃን መሄድ ቡና ይዞ ወደ ጅማ እንደመሄድ ነው። ከተማዋ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ናት። እዚያው ግዛ። ገንዘብ ካለህ ደግሞ የመንዝ ባና ጠይቅ፤ ከበግ ፀጉር የተሠራ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ይኮሰኩስሃል፣ ሙቀቱን ግን ምንም አያክለውም።

ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ አለ፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኘዋለህ። ከቤት የምትይዘው ትንሽ ነው። የመንገዱን የሚችል አንድ ጃኬትና ኮፍያ ይበቃሃል። አዲስ አበባ ስታልፍ ወፍራም ካልሲ አምስት ጥንድና ከሱሪ ሥር የሚለበስ ጠባብ ሱሪ ግዛ። ብርዱ የሚጀምረው ከእግር ነው። እርጥብ ካልሲ አድርገህ እንዳትተኛ። ቫዝሊንም አትርሳ፣ ከንፈርህ ይሰነጠቃል። አንተ የታችኛውን አልጋ አትፈልግም፣ ላይኛውን ያዝ። ከሲሚንቶው በራቅህ ቁጥር ይሻልሃል። ለደሴው አባት የከለከልኩትን ጩኮ ደግሞ አንተ ብታገኝ ብላ። እዚያ ቅቤው አይቀልጥም፣ እንዲያውም ማንኪያ ይሰብራል።

ጥያቄ፦ ማዘር፣ ሁለተኛ ዓመት ልገባ ነው። ትንሽዬ የኤሌክትሪክ ምድጃ በሻንጣዬ ሥር ደብቄ ላስገባ ነው። ለቡና ብቻ ነው፣ እምልልሻለሁ! ፕሮክተር በምን ያውቃል?

መልስ፦ በአፍንጫ። አንቺ ልጅ፣ ቡና ቆልቶ ሽታውን የደበቀ ሰው የት አለ? ሦስተኛ ፎቅ ሲቆላ እኔ ምድር ቤት ሆኜ ስንተኛው ክፍል እንደሆነ እገምት ነበር። ብዙም አልሳሳትም።

ሽታውን እንኳ ብትሸሽጊ የዶርም መስመር ምድጃ አይችልም። አንድ የፈተና ዋዜማ ምድጃ ተሰካና ፎቁ በሙሉ ጨለመ። ያን ማታ ልጅቷን ያዳንኳት ከዲሲፕሊን ኮሚቴ አልነበረም። መጽሐፍ ይዘው ኮሪደር ላይ ከወጡት ልጆች ነው። ቢሮዬ ቆልፌባት አደረች፤ ስታለቅስ ስለነበር ሻይ አጠጣኋት።

ፔርሙስ ያዢ። ላውንጅ ሄደሽ አስሞይው። ስኒውን ግን ስድስት አድርጊው፣ አንድ ይዘሽ ብትሄጂ ቡናው ለአንቺ አይደርስሽም።