የልጄ ትምህርት ቤት ሪፖርት ላይ ምን ብዬ ልጠይቅ?

የዚህ ወር ደብዳቤ አብዛኛው የመጣው ከደሴና ከኮምቦልቻ ነው፣ የሚያወራውም ስለ አንድ ነገር ነው ማለት ይቻላል። የመንግስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዓመቱን ሙሉ ምን ሰራ፣ ለአካባቢው ሰው ምን ይሰጣል፣ እኛስ ምን መጠየቅ እንችላለን የሚል። የፀሐፊዎቹንም የትምህርት ቤቶቹንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ)
ሰላም ለናንተ ይሁን። ሰኔ ላይ ትምህርት ቤቱ ወላጅ ሰብስቦ የዓመቱን ሪፖርት አቀረበ፣ ርዕሰ መምህሩ ፐርሰንት በፐርሰንት እያደረገ አነበበው፣ አጨበጨብን፣ ለስላሳ ጠጥተን ወጣን። ልጄ 10ኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቱ ተሻሻለ ወይስ ባሰበት ግን እስካሁን አላወኩም። ልጠይቅ ብዬ ተነስቼ ምን እንደምል ጠፋኝና ተቀመጥኩ። እኔ የተማርኩት እስከ 7ኛ ነው።

መልስ
እህቴ፣ እስከ 7ኛ ነው የተማርኩት ብለሽ ራስሽን ወደኋላ አታድርጊ፣ የምትጠይቂው ነገር ዲግሪ አይፈልግም። ፐርሰንት በተጠራ ቁጥር አንድ ጥያቄ ያዢ፣ «ከስንቱ?» በያቸው። ለምን መሰለሽ፣ 12ኛ ክፍል ያለፉት የሚሰሉት ለፈተና ከተቀመጡት ልጆች ነው፣ እሱ ስህተት አይደለም፣ አገር አቀፉም እንደዛው ነው የሚሰላው፣ ለወላጅ ግን ሙሉውን አያሳይም። ለምሳሌ ዘንድሮ የተፈተኑት ልጆች 9ኛ ሲገቡ 600 ነበሩ እንበል። ፈተና ላይ የተቀመጡት 240 ቢሆኑና 24ቱ ቢያልፉ ሪፖርቱ ላይ 10 በመቶ ተብሎ ይፃፋል፣ ከገቡት ስታሰቢው ግን 4 በመቶ ነው። ታዲያ 360ው ልጅ የት ሄደ? ሁሉም ወደቀ ማለት አይደለም፣ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የተዛወረ አለ፣ ክፍል የደገመ አለ፣ ቴክኒክና ሙያ የገባ አለ፣ ግን ደግሞ ደብተሯን አስቀምጣ አረብ አገር የሄደች አለች፣ በጅቡቲ አድርጌ ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ የወጣ አለ፣ ቤት ውስጥ ገንዘብ ጠፍቶ ቀን ስራ የገባ አለ። የወሎ ወላጅ ይሄን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፣ ሪፖርቱ ላይ ግን አንድ መስመር ሆኖ ያልፋል፣ አንዳንዴ መስመሩም የለም። እኔ በበኩሌ የአንድ ትምህርት ቤት የዓመት ስራ የሚለካው በዚች መስመር ነው ብዬ ነው የማምነው፣ ምክንያቱም ያለፉትን 24 ልጆች ቤተሰባቸውም ጎረቤቱም ያውቃቸዋል፣ የጠፉትን የሚቆጥራቸው ግን ትምህርት ቤቱ ካልቆጠራቸው ማንም የለም።

10 በመቶ ስልሽ ደግሞ ትንሽ ነው ብለሽ እንዳትንቂው። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ናቸው፣ በ2014 ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፣ ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ህዳር መጨረሻ በጦርነቱ ተይዘው ነበር፣ ትምህርት ቤት ተዘርፏል፣ ላብራቶሪ ተሰባብሯል፣ ከዛ በፊትም የተፈናቀለው ህዝብ የተጠለለው ክፍሎቹ ውስጥ ነው። ስለዚ ከ2014 ጋር እያነፃፀረ «ይሄን ያህል አደግን» የሚል ሪፖርት ሲቀርብ «ከአምናና ከካቻምና ጋርስ?» ብለሽ ጠይቂ፣ ከዛ ዓመት ጋር ተወዳድሮ የማያድግ የለማ።

ሌላው ያቋረጡትን በወር ይንገሩሽ። ዓመቱን ጠቅልለው ይሄን ያህል አቋረጠ ሲሉ ምክንያቱ ይጠፋል፣ በወር ሲሆን ግን ይታያል፣ አጨዳ ላይ ነው፣ ከአንደኛው ሴሚስተር ፈተና በኋላ ነው፣ ወይስ የቤት ኪራይ በጨመረበት ሰሞን ነው። ከዛ ሴትና ወንድ ለየብቻ። ይሄ ሁሉ በክፍል ኃላፊው መምህር እጅ አለ፣ የስም መጥሪያው ላይ በቀን በቀን ተፅፏል፣ ፈልገን እናምጣ ካሉሽ ደግሞ ጊዜ ስጫቸው፣ ችግር የለውም።

የመጨረሻው ከስብሰባም በፊት ቤትሽ የምታይው ነው። የልጅሽን የፊዚክስና የሒሳብ ደብተር ግለጪና ኖት የተፃፈበትን ቀን እይ። ከየካቲት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ባዶ ከሆነ ወይ ልጅሽ አልፃፈችም ወይ አስተማሪ አልነበረም፣ የጓደኛዋን ደብተር ጨምረሽ ስታይ ደግሞ የትኛው እንደሆነ ይለይልሻል። እና ስብሰባ ላይ «የሒሳብ መምህር ስንት ሳምንት አልነበረም፣ ያ ያለፈው በሜክአፕ ተካክሷል ወይ» ብትይ ማንም አይከፋም፣ ጥሩ ርዕሰ መምህር እንደውም ይሄን ጥያቄ ይዞ ነው ትምህርት መምሪያ ሄዶ መምህር የሚጠይቀው። ስብሰባው አልፎ ከሆነ የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ህብረት ውስጥ ያለውን የወላጅ ተወካይ ፈልገሽ በፅሁፍ ስጪው። የህዝብ መስሪያ ቤት ያለውን መረጃ ለጠየቀው ሰው እንዲሰጥ አዋጅ 590/2000 ያዛል፣ ትምህርት ቤትም የህዝብ ነው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ፣ የሶስት ልጆች አባት)
ለእድሳት ተብሎ ከየወላጁ ገንዘብ ተጠየቀ፣ እኔ በሰዓቱ አልነበረኝም። ልጄ አልከፈልክም ተብሎ ከክፍል ተመለሰ። የመንግስት ትምህርት ቤት አይደለም እንዴ?

መልስ
ጋሼ፣ ልጅ በገንዘብ ምክንያት ከክፍል መመለስ የለበትም፣ በዚህ ላይ ወዲያ ወዲህ የለም። ነገ ጠዋት ራስዎ ልጁን ይዘው ይሂዱና ርዕሰ መምህሩን ያነጋግሩ፣ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር ከላይ የታዘዘ ሳይሆን በር ላይ ያለ ሰው በራሱ የሚያደርገው ነው። እሳቸውም ካልመለሱት የከተማው ትምህርት መምሪያ አለ።

መዋጮው ራሱ ግን ክፉ ነገር አይደለም። የመንግስት በጀት አብዛኛው ደመወዝ ላይ ያልቃል፣ በተማሪ ቁጥር የሚሰጠው የድጎማ በጀት አለ፣ የውስጥ ገቢ የሚባል አለ፣ አራተኛው የህዝብ ድጋፍ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ስንቱ ወንበርና መስኮት በሰው መዋጮ ተተክቷል። ዋናው ነገር ወላጅ ተሰብስቦ የወሰነው መሆኑ፣ ቃለ ጉባኤ መያዙ፣ ሲከፍሉ ህጋዊ ደረሰኝ መቀበልዎ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ በገንዘቡ ምን እንደተሰራ መነገሩ ነው። ደረሰኝ የሌለው ከሆነ አይክፈሉ። የሌለው ወላጅ በጉልበት ቢያግዝ ወይም ከፋፍሎ ቢከፍል ብለው ስብሰባ ላይ ሃሳብ ያቅርቡ፣ እንዲህ ያለ ችግር ያለባቸው እርስዎ ብቻ አይደሉም፣ አፍረው ዝም ያሉ አሉ።

ጥያቄ (ከደሴ፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተማሪ)
ትምህርት ቤታችን በኢንስፔክሽን ደረጃ 2 ነው ተባለ። አጥሩ ተቀብቷል፣ አዲስ ብሎክ ተሰርቷል፣ ለምን 3 አልገባንም?

መልስ
ጥሩ ጥያቄ ነው ጎበዝ። ኢንስፔክሽኑ፣ ማለትም የትምህርት ቤቶች ደረጃ የሚመዘንበት ቁጥጥር፣ 26 ስታንዳርድ አለው፣ በሶስት ይከፈላል፣ ግብዓት 25 ከመቶ፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40። አጥርና ብሎክ ያለው ግብዓት ውስጥ ነው፣ እሱ ሙሉ በሙሉ ቢሟላ እንኳን ሩብ ነው የሚይዘው። ቀሪው 75 ክፍል ውስጥ ምን ይደረጋል፣ መምህራን እርስ በርስ ይማማራሉ ወይ፣ ወላጅ ይሳተፋል ወይ፣ ተማሪ ምን አመጣ የሚለው ነው። ከ50 በታች ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ደረጃ 3፣ ከዛ በላይ 4 ነው። አብዛኛው የአገራችን ትምህርት ቤት 1 እና 2 ላይ ስለሆነ የምታፍሩበት አይደለም፣ ግን የኢንስፔክሽኑን ግብረ መልስ ከርዕሰ መምህራችሁ ጠይቁና የጎደለውን በየሳምንቱ አንድ አንድ እያደረጋችሁ በሚኒ ሚዲያ አንብቡት። ተማሪ ሊያስተካክለው የሚችለው ብዙ ነገር አለ፣ ላይብረሪው ምሳ ሰዓት ላይ ይከፈት ማለት ራሱ አንድ ነው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሰራ)
8ኛ ጨርሼ ነው ስራ የገባሁት። 9ኛ መቀጠል እፈልጋለሁ፣ ፈረቃዬ ግን ይቀያየራል። ቀን ተማሪ ያልሆነ ሰው ለመንግስት ትምህርት ቤት ምኑ ነው?

መልስ
አብሽሪ እህቴ፣ ትምህርት ቤቱ ያንቺም ነው። የማታ ትምህርት ቀን ከሚማሩት ጋር አንድ ስርዓተ ትምህርት፣ አንድ መፅሐፍ ነው፣ 12ኛ ስትደርሺም የምትቀመጪው ለዛው አገር አቀፍ ፈተና ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የ8ኛ ክፍል ካርድሽን፣ የሚኒስትሪ ውጤትሽን፣ መታወቂያና ፎቶ ይዘሽ ሂጂ፣ መስከረም ከገባ በኋላ ከሄድሽ ወረፋውም ይበዛል ቦታውም ሊሞላ ይችላል። ስትመዘገቢ ፈረቃ እንደምትሰሪ ንገሪያቸው፣ መስሪያ ቤትሽንም ከመመዝገብሽ በፊት አናግሪ፣ ተማሪ መሆንሽን የሚገልፅ ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ ይዘሽ ሄደሽ ቋሚ ፈረቃ ስጡኝ ብትይ እሺ የሚል ሱፐርቫይዘር አይጠፋም። ጓደኞችሽም ፍላጎት ካላቸው አብራችሁ ሂዱ፣ አንድ ሰው ሲጠይቅና አስራ አምስት ሰው ሲጠይቅ እኩል አይደለም፣ ትምህርት ቤቱም ተማሪ ካገኘ ሰዓት ማስተካከል ይቀለዋል። በፍፁም ካልሆነልሽ የርቀት ትምህርት አለ፣ ግን ብር ከመክፈልሽ በፊት ፈቃዱን እዪ፣ ከትምህርት መምሪያ ጠይቂ። እና ቅዳሜ ላይብረሪ ገብቼ ማንበብ እችላለሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ሰው ስለማይጠይቅ ብቻ ተዘግቶ የሚውል ላይብረሪ ብዙ ነው።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)
በጦርነቱ ጊዜ ቤታችን ያለው ዶክመንቴ በሙሉ ጠፋ፣ የተማርኩበትም ትምህርት ቤት ፋይሉ ተበላሽቷል አሉኝ። አሁን ስራ ላመለክት ትራንስክሪፕት ተጠየኩ።

መልስ
ተስፋ አትቁረጥ። አገር አቀፍ ፈተና የወሰድክበት ውጤት፣ የ12ኛውም የድሮው የ10ኛውም፣ አዲስ አበባ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ጋር አለ፣ የ8ኛው ደግሞ የክልል ፈተና ስለሆነ ክልል ትምህርት ቢሮ ነው የምትጠይቀው። ለክፍል ውጤትህ ደግሞ ከተማው ትምህርት መምሪያ ጋር የሮስተር (የተማሪዎች ውጤት መዝገብ) ኮፒ ሊኖር ይችላል፣ አብረውህ የተማሩ ልጆች ካርድም የት ክፍልና በየትኛው ዓመት እንደነበርክ ለማስረዳት ይጠቅማል። ፋይሉ መጥፋቱን ትምህርት ቤቱ በደብዳቤና በማህተም ይፃፍልህ፣ በቃል የተነገረህን ይዘህ የትም አትደርስም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ ደሴ የተማረ)
እኔና የድሮ ክፍል ጓደኞቼ ለተማርንበት ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ልንሰጥ ገንዘብ እያሰባሰብን ነው። ምክር ካላችሁ?

መልስ
እግዜር ይስጣችሁ። ደሴ ላይ የድሮ ተማሪ ለትምህርት ቤቱ ያለው ፍቅር ሌላ ነው፣ የወይዘሮ ስሂን ልጅ ነኝ ብሎ እስከዛሬ የሚኮራ ሰው ስንቱ ነው፣ ግቢው ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖም እንኳን። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉና የትምህርት ቤቱን የማሻሻያ እቅድ ላኩልን በሉ፣ የዘንድሮ ቅድሚያ ብለው ምን እንደፃፉ እዩ። የኮምፒውተር ክፍሉ መብራት ከሌለው ወይም በሩ የማይቆለፍ ከሆነ ገንዘባችሁ ካርቶን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ብዙ ቦታ የአዲሱ ስርዓተ ትምህርት መፅሐፍ ለልጆች እኩል አልደረሰም፣ ለሶስት አንድ የሚጋሩ አሉ፣ የመፅሐፍ ኮፒ ወይም ለላብራቶሪ የሚሆን ኬሚካል ከኮምፒውተር ቀድሞ ሊያስፈልግ ይችላል። የምትሰጡት እቃ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ተቆርጦለት በንብረት ክፍል ይመዝገብ፣ ኮፒውን እናንተም ያዙ። ከመሀላችሁ ሐምሌና ነሐሴ ለእረፍት ደሴ የሚመጣ ካለ ደግሞ ሁለት ሳምንት ለ11ኛ ክፍል ልጆች ሒሳብና እንግሊዝኛ ቲቶሪያል ይስጥ፣ ለዚህ የሚያስፈልገው ጠመኔና ክፍል ብቻ ነው፣ ክፍሉን ርዕሰ መምህሩ በደስታ ይከፍትላችኋል።