ኮምፒውተሩ የእኔ ከሆነ የመጨረሻው ቃል የማን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ በአንድ ድርጅት የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ያገለገለኝ ላፕቶፕ አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም፤ አሁን ግን የዊንዶውስ 10 ድጋፍ መቋረጡን፣ ማሽኑም ዊንዶውስ 11ን ለመጫን ብቁ አለመሆኑን የሚገልጽ መልእክት ደጋግሞ ይመጣብኛል። የመሥሪያ ቤታችንን የኮምፒውተር ባለሙያ ባማክረው «ለምን ሊኑክስ አልጭንልዎትም?» አለኝ፤ እሱም ሆነ ጓደኞቹ ከሊኑክስ ሌላ እንደማይጠቀሙም በኩራት ነገረኝ። ግራ ያጋባኝ ይህ ነው። ትልልቅ ኩባንያዎች የሚሸጡት እያለ ሰዎች በነጻ የሚታደለውን ስርዓተ ክወና (ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ዋና ፕሮግራም) የሚመርጡት ገንዘብ ለመቆጠብ ብቻ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አላቸው? በነጻ የሚሰጥ ነገርስ ከጀርባው የተደበቀ ነገር አይኖረውም?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የጥያቄዎ ቁልፍ ያለው «ነጻ» በሚለው ቃል ላይ ነው። በአማርኛችን «በነጻ ወሰድኩት» ስንል ዋጋ አልከፈልኩም ማለታችን ሲሆን፣ «ነጻ ወጣ» ስንል ግን በሌላ ሰው ፈቃድ ሥር መኖሩ አበቃ ማለታችን ነው። ሊኑክስንና መሰሎቹን ለዓመታት የተጠቀሙ ሰዎችን ቀረብ ብለው ቢጠይቋቸው፣ አብዛኞቹ አስረዝመው የሚያወሩልዎት ስለ ሁለተኛው ትርጉም ነው። ደግሞም ዋጋ ብቻውን ሰውን እንደማያንቀሳቅስ በቀላሉ ማየት ይቻላል። ብዙ ሰው ዊንዶውስን የሚጠቀመው አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛ ተጭኖ ስለሚመጣለት ነው፤ ሌላው ደግሞ ክራክ የተደረገ ቅጂ አስጭኖ ይገለገላል። ሁለቱም ለስርዓተ ክወናው ብለው ለብቻው ገንዘብ ሲያወጡ አይታዩም። ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ የለመዱትን ትተው አዲስ ነገር ለመማር የሚደክሙ ሰዎች ባልኖሩ ነበር።

የዚህ አስተሳሰብ መነሻ አንድ ፕሪንተር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሪቻርድ ስቶልማን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቤተ ሙከራ ውስጥ ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ በቤተ ሙከራው ፕሪንተር ውስጥ ወረቀት ሲያዝ ኅትመት ለሚጠብቁት ሠራተኞች በየኮምፒውተራቸው መልእክት እንዲደርሳቸው አድርጎ ፕሮግራሙን አሻሽሎት ነበር። መልእክቱ የደረሰው ሰው ሄዶ ወረቀቱን ያስለቅቃል፣ ሥራውም ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ቤተ ሙከራው አዲስ የሌዘር ፕሪንተር በስጦታ ሲያገኝ ግን የምንጭ ኮዱ፣ ማለትም ሰው አንብቦ ሊረዳውና ሊያርመው የሚችለው የፕሮግራሙ ጽሑፍ፣ አብሮ አልመጣም። አዲሱም ፕሪንተር ወረቀት ይይዝ ነበር። ስቶልማን መፍትሔውን ያውቃል፤ መሥራትም ይችላል፤ ነገር ግን የሚሠራበት ጽሑፍ በእጁ የለም። ኮዱ ወዳለው የሌላ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ሄዶ ቢጠይቅም፣ ሰውየው ለማንም ላለማሳየት ተስማምቶ ስለነበር ባዶ እጁን መለሰው።

እዚህ ላይ ማንም ገንዘብ አልጠየቀም። ፕሪንተሩ ስጦታ ነበር። የተነፈገው የራስን ዕቃ የመጠገን መብት ነው። ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ጂኤንዩ የተባለውን፣ ማንም እንደልቡ የሚጠቀምበትን ስርዓተ ክወና የመገንባት ዕቅዱን ይፋ ያደረገው፣ በ1989 ደግሞ ጂፒኤል የተባለውን የፈቃድ ውል ያወጣው ከዚህ ቁጭት ተነሥቶ ነው። ውሉ ለተጠቃሚው ፕሮግራሙን ለፈለገው ዓላማ የማዋል፣ አሠራሩን የመመርመርና የመለወጥ፣ ቅጂውን ለሌላ የመስጠት፣ ያሻሻለውንም የማካፈል መብት ይሰጠዋል፤ በምላሹ የሚጠይቀው፣ ያሻሻለውን ፕሮግራም ለሌሎች የሚያሰራጭ ሰው ኮዱንና እነዚህኑ መብቶች አብሮ እንዲያስተላልፍ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጀመረው ከርነል፣ ማለትም ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞችን የሚያገናኘው የስርዓቱ እምብርት፣ በቀጣዩ ዓመት በዚሁ ውል ሥር ገባ። ዛሬ ሊኑክስ የምንለው በዋናነት የእነዚህ የሁለቱ ጥረቶች ውጤት ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ላፕቶፕ እንመለስ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው፤ ለተወሰነ ጊዜ የሚዘልቅ ተጨማሪ የደህንነት ማሻሻያ ቢኖርም መጨረሻው የታወቀ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ክፍል ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በጥቂት ልዩነት የሚቀበለው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው። የዘጠኝ ዓመት ማሽንዎ ከዚህ መስፈርት ውጪ ሆነ። ልብ ይበሉ፤ ላፕቶፑ አልተበላሸም። ማያው፣ ኪቦርዱና ፕሮሰሰሩ ትናንት እንደነበሩት ናቸው። ጡረታ ያወጣው ባለቤቱ ሳይሆን ከባለቤቱ ውጪ ያለ ውሳኔ ነው። በአንጻሩ የሊኑክስ ከርነል እ.ኤ.አ. በ1985 ለገበያ የቀረበውን 386 የተባለ ፕሮሰሰር መደገፍ ያቆመው በ2012 መጨረሻ ነበር፤ ያኔም ቢሆን የቆዩት ቅጂዎች ከነኮዳቸው አልጠፉም፤ የሚያስፈልጋቸው ሰው እስካለ ድረስ በእጁ ናቸው።

የእኔንም ልንገርዎ። 4 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ነበረኝ፤ ለመከፈት ከሦስት ደቂቃ በላይ ይፈጅ ስለነበር መደርደሪያ ላይ አስቀምጬው ነበር። ሃርድ ዲስኩን ኤስኤስዲ በተባለው ፈጣን ማከማቻ ቀይሬ፣ ኤክስኤፍሲኢ የተባለ ቀላል ገጽታ ያለውን ሊኑክስ ሚንት ስጭንበት ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይከፈት ጀመር። ፍጥነቱን በአብዛኛው ያመጣው ኤስኤስዲው መሆኑን መናገር ይኖርብኛል፤ ሊኑክስ ያደረገልኝ ያንኑ ማሽን የደህንነት ማሻሻያ እያገኘ እንዲኖር ማድረግ ነው። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም በእሱ ነው።

ብዙዎችን የሚገፋፋቸው ሌላው ምክንያት የግል መረጃ ነው። የቤት ተጠቃሚ የሚገዛው ዊንዶውስ ስለ ማሽኑና ስለ አሠራሩ የተወሰነ መረጃ ወደ ኩባንያው ይልካል፤ ተጠቃሚው መጠኑን ሊቀንስ እንጂ ሙሉ በሙሉ ሊዘጋው የሚችልበት ምርጫ አልተሰጠውም። ዊንዶውስ 11ን ሲጭኑም በኩባንያው የኢንተርኔት አካውንት እንዲገቡ ይጠየቃሉ። ይህ የማያሳስበው ሰው አለ፤ አልፈርድበትም። የሚያሳስበው ሰው ግን መብቱን የሚያስከብርበት በር ይፈልጋል።

ክፍት ምንጭ መሆን፣ ማለትም የምንጭ ኮዱን ለሁሉም ክፍት ማድረግ፣ በራሱ ሰውን ቅዱስ እንደማያደርግም መታወቅ አለበት። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ቅጂ፣ 12.10፣ ተጠቃሚው የራሱን ፋይል ለመፈለግ የሚጽፋቸውን ቃላት ሳይቀር ወደ ኡቡንቱ አዘጋጅ ኩባንያ ሰርቨር እየላከ ከአማዞን የሚሸጡ ዕቃዎችን ያሳይ ነበር። ስቶልማን ራሱ አጥብቆ ተቃወመው። ልዩነቱ የታየው ከዚያ በኋላ ነው። ማድረጉ ለማንም ምስጢር አልነበረም፤ ያልፈለገው በአንድ ትእዛዝ ከኮምፒውተሩ ያስወግደው ነበር፤ የከፋው ደግሞ ፋይሎቹን ይዞ ወደ ሌሎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች፣ ወደ ዴቢያን ወይም ወደ ሚንት፣ መሻገር ይችል ነበር፤ በ2016 በወጣው 16.04 ላይ ነገሩ ከመነሻው ተዘግቶ መጣ። ቅር ያሰኘዎትን ቤት ዕቃዎን ሳይጥሉ ለቀው መውጣት ከቻሉ፣ የቤቱ ባለቤትም ጠባዩን ማረሙ አይቀርም።

እርስዎ የሒሳብ ባለሙያ ስለሆኑ ግን አንድ ነገር ሳልደብቅ እነግርዎታለሁ። ሊብሬኦፊስ የተባለው ነጻ የቢሮ ፕሮግራም የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል፣ ያስተካክላል፣ መልሶም በዚያው ዓይነት ያስቀምጣል፤ ማክሮ፣ ማለትም ሥራን በራሱ የሚያከናውን ትንሽ ፕሮግራም፣ የበዛባቸው ሰነዶች ላይ ግን ይቸገራል። የምትጠቀሙበት የሒሳብ ፕሮግራም ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ ከሆነም ወይን በተባለው መሣሪያ አማካይነት ሊሠራ ቢችልም ዋስትና የለውም። የደመወዝ ሠንጠረዥ በወር መጨረሻ ላይ አልከፈት ቢልዎት ስለ ነጻነት የጻፍኩት ሁሉ ምንም አይጠቅምዎትም። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱን ፕሮግራም ስም ይዘው ባለሙያውን አስቀድመው ይጠይቁት፤ እስኪያረጋግጡም ድረስ ዊንዶውሱን አያጥፉ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን መጫን ይቻላል።

ከጀርባው ምን አለ ላሉት፣ ያለው በግልጽ የሚታይ ሥራና ገንዘብ ነው። የከርነሉ አብዛኛው ሥራ የሚሠራው እንደ ኢንቴል፣ ጉግልና ሬድ ሃት ባሉ ኩባንያዎች ደመወዝ በሚከፈላቸው መሐንዲሶች ነው። ኩባንያዎቹ ሰርቨሮቻቸውና ምርቶቻቸው በሊኑክስ ስለሚሠሩ፣ ለየብቻ ከመድከም አብሮ መሥራቱ ያዋጣቸዋል። ሬድ ሃት በነጻ የሚገኘውን ስርዓት ይዞ የሚሸጠው ድጋፍና ኃላፊነት ነው፤ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2019 በ34 ቢሊዮን ዶላር የገዛውም ይህንኑ ነው። ስልክዎ አንድሮይድ ከሆነ እርስዎም ሳያውቁት የሊኑክስ ከርነል ተጠቃሚ ነዎት፤ ከ2017 መጨረሻ ወዲህም በዓለም ፈጣን ከሚባሉት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች ውስጥ በሊኑክስ የማይሠራ አንድም የለም።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። የምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ለሌባም ክፍት ነው ማለት አይደለም? እንዴት ደህንነቱ የተጠበቀ ነው ይባላል?

መልስ፦ ለሌባም ክፍት ነው። ነገር ግን የቁልፍ ጥንካሬ ያለው መክፈቻው ላይ እንጂ አሠራሩን በመደበቅ ላይ መሆን የለበትም የሚለው ሐሳብ ኦገስት ከርክሆፍስ እ.ኤ.አ. በ1883 ስለ ወታደራዊ ምስጢራዊ ጽሑፍ ካሳተመው ጀምሮ የሙያው መሠረት ሆኖ ቆይቷል። ኮዱ ክፍት ሲሆን ሌባውም ጠባቂውም እኩል ያዩታል፤ ሲዘጋ ግን ሌባው ከውጭ እየነካካ ቀዳዳ መፈለጉን አይተውም፤ ከማየት የሚታገደው ገለልተኛው መርማሪ ነው።

ይህ ሲባል ክፍት የሆነ ሁሉ ይመረመራል ማለት አይደለም። ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው፣ አብዛኛው ኢንተርኔት በሚመካበት ፕሮግራም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 የገባው ሃርትብሊድ የተባለ ስሕተት የተገለጸው በ2014 ነው። ለሁለት ዓመት ያህል ኮዱ ለዓለም ሁሉ ክፍት ሆኖ ሳለ ተሰውሮ ቆየ።

ከዚህም የሚያስደነግጠው በማርች 2024 የሆነው ነው። ኤክስዜድ የተባለውን ፋይል መጭመቂያ ፕሮግራም የሚንከባከበውን ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት ሲያግዝ የቆየ፣ ማንነቱ ያልታወቀ ተባባሪ፣ እምነት ካተረፈ በኋላ ወደ ሊኑክስ ሰርቨሮች የሚያስገባ ስውር በር በፕሮግራሙ ውስጥ ቀበረ። የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው። ሌላ ነገር ሲሞክር ሳለ፣ ከርቀት ወደ ማሽኑ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አስተዋለ፤ ነገሩን ንቆ አላለፈውም፤ ክሩን ስቦ ስቦ ስውሩን በር አገኘው፤ በሰፊው ከመሰራጨቱ በፊትም ለዓለም አሳወቀ። ክፍትነት ለአታላዩ መግቢያ እንደሆነው ሁሉ፣ ኮዱ የእሱ ላልሆነው ለዚህ መሐንዲስም እስከ መጨረሻው ድረስ የሚመረምርበትን መንገድ ሰጠው። እኔ ክፍት የሆነውን የምመርጠው ስሕተት የለበትም ብዬ ሳይሆን፣ ስሕተቱ ሲገኝ ሁሉም የሚያየው ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ኮምፒውተሬን ሳላበላሽ ሊኑክስን እንዴት ልሞክር?

መልስ፦ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ ይበቃሃል። ሊኑክስ ሚንትን ወይም ኡቡንቱን ከራሳቸው ድረ ገጽ አውርደህ፣ ሩፈስን በመሰለ ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ጻፈው፤ በፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ስለሚጠፋ አስቀድመህ ወደ ሌላ ቦታ ቅዳው። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ እንዲነሣ አድርገህ ስትከፍተው ስርዓቱ ሃርድ ዲስክህን ሳይነካ ይሠራል። ከፍላሽ ስለሚነበብ ትንሽ ይዘገያል፤ በዚያ አትፍረድበት። ዋይፋዩን አገናኝ፣ ድምፅና ካሜራ ፈትሽ፣ ከፕሪንተርህም አንድ ገጽ አትም። ከእነዚህ አንዱ እምቢ ካለ የመጫኛውን ምልክት ሳትነካ ኮምፒውተሩን ዝጋና ፍላሹን ንቀል፤ ስትከፍተው የቀድሞው ስርዓት እንደነበረ ታገኘዋለህ።