ትከሻው ከበሮውን አልሰማም

ለተማሪ ልጆቼ፣

ባለፈው ወር አምስት ወጣቶች አንድ ላፕቶፕ ይዘው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ወደሚገኘው ትንሽ ስቱዲዮዬ መጡ። ለትምህርታቸው ማሟያ የሠሩትን የሙዚቃ ክሊፕ እንድመለከትላቸው ፈልገው ነው። ገና ሳይቀመጡ አንደኛው፣ «ጋሼ፣ ለሃያ ሰው አሳይተነዋል፤ ሁሉም ወዶታል» አለኝ። ደስታው ከፊቱ ይነበባል። እኔን ግን ሐሳብ ገባኝ። ሃያ ሰው አይቶ ሃያውም ከወደደው፣ ከሃያው አንዱ እንኳን የልቡን አልነገራቸውም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለአምስቱም፣ በዩኒቨርሲቲው ፔዳና ፖሊ ግቢዎች ካሜራ አንግታችሁ ለምትውሉት ለሌሎቻችሁም።

አስቀድሜ የራሴን ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን ክሊፔን የቀረጽኩት በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ሠርግ እየቀረጽኩ ባጠራቀምኩት ገንዘብ የገዛሁትን ትልቅ የቪኤችኤስ ካሜራ ተሸክሜ፣ አንድ ድምፃዊና አራት ተወዛዋዦች ይዤ ጢስ ዓባይ ወረድኩ። ወሩ መስከረም ነበር። ፏፏቴው ሞልቶ ይወርዳል፤ ጭሱ ከወዲህ ማዶ ለቆምነው ሳይቀር ልብሳችንን ያረጥባል። ዘፈኑን የምናጫውተው በባትሪ በሚሠራ ቴፕ ነው። ከረፋድ ጀምረን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቀረጽን፤ ባትሪው እየደከመ መሄዱን ግን ማናችንም አላስተዋልንም። ባትሪ ሲደክም ካሴቱ በዝግታ ይዞራል፤ ዘፈኑም ይጎተታል። ድምፃዊው ከንፈሩን የሚያንቀሳቅሰው፣ ተወዛዋዦቹም ትከሻቸውን የሚሰብቁት በዚያ በተጎተተው ዘፈን ነበር። ስቱዲዮ ገብቼ ዋናውን ድምፅ ከምስሉ ጋር ሳጋጥመው፣ ጠዋት የተቀረጸው የመጀመሪያው ክፍል ደህና ሆኖ ተገኘ፤ ወደ መጨረሻው ስንሄድ ሁሉም ከሙዚቃው ወደ ኋላ ይቀራል። በቁርጥራጭ ምስል ሸፈንኩት። በየመሐሉ ፏፏቴውን፣ አደይ አበባውን፣ ሰማዩን አስገባሁበት። ጓደኞቼ አይተው «እጅህ ይባረክ» አሉኝ፤ እኔም አመንኳቸው።

ክሊፑ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ ታየ። ሲያልቅ ተጨበጨበ። በሩ አጠገብ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ማሲንቆ መቺ አዛውንት ግን እጄን ያዙና፣ «ልጄ፣ ትከሻው ከበሮውን አልሰማም» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። በጣም ተናደድኩ። ስለ ካሜራ ምን ያውቃሉ ብዬ ለወራት በልቤ ስከራከራቸው ቆየሁ። ንዴቴ በርዶ እንደገና ሳየው ነው የገባኝ። በጭክጭካ ምት ላይ ትከሻ ትንሽ ቢዘገይ ተመልካቹ ስሕተቱን በስም ባይጠራውም ሰውነቱ ያውቀዋል፤ አብሮ መወዝወዙን ያቆማል። እሳቸው ስለ ባትሪውም ሆነ ስለ ካሴቱ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ሕመሙ ያለበትን ቦታ በጣታቸው ነክተው አሳዩኝ። ምክንያቱን መፈለግ የእኔ ድርሻ ነበር፤ እኔ ግን ያን ጊዜ የያዝኩት ቂም ነበር።

እኛ ዘንድ ሰው ቤት ገብቶ ወጡን ቀምሶ ጨው አንሶታል የሚል እንግዳ የለም። ይሉኝታ ክፉ ነገር አይደለም፤ አብረን የኖርንበት ነው። ለባለሙያ ግን ፈተና ነው። ዓይኑ ሥር ቆማችሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ኤዲት ስታደርጉ አድራችሁ ፊታችሁ ገርጥቶ፣ «እንዴት ነው?» ብላችሁ የጠየቃችሁት ሰው «በጣም ያምራል፣ በርቱ» ከማለት በቀር ምን ምርጫ አለው? ስለዚህ ጥያቄውን ለውጡት። «ወደዳችሁት?» አትበሉ። «ታሪኩን ንገሩኝ» በሉ። «ሐሳባችሁ ወደ ሌላ ነገር የሄደው የት ቦታ ላይ ነው?» በሉ። ከተቻለ ደግሞ ክሊፑን የሚያሳይላችሁ ሌላ ሰው ይሁን፤ የማን ሥራ እንደሆነም አይናገር። ባለቤቱ ፊት የማይነገረው ያን ጊዜ ይነገራል።

ከመጠየቅም የሚበልጥ መንገድ አለ፤ መመልከት ነው። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ከሆነ አስታውሱ። አዝማሪው ማሲንቆውን ሲገዘግዝ ዓይኑ ከሰው ፊት ላይ አይነሳም። አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይወረውራል፤ እሱም ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። ቤቱ ሲሞቅ ያንኑ ይደጋግማል፤ ሰው ወደ ጎረቤቱ ዞሮ ማውራት ሲጀምር ስንኙን ለውጦ ወደ ሌላ ይሻገራል። የተመልካችን አስተያየት እዚያው በዚያው ተቀብሎ ሥራውን ማስተካከል ይህ ነው፤ እኛም ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። የአዝማሪው ዕድል ግን የእናንተ አይደለም፤ የተቀረጸ ነገር ሰው ፊት ሲደርስ ራሱን አይለውጥም። ስለዚህ ያን ፊት የማንበብ ሥራ ሳይታተም በፊት ልትሠሩት ይገባል።

ከአምስቱ ልጆች ጋር ያደረግነውም ይህንኑ ነው። አንድ የባጃጅ ሾፌር፣ አንዲት ልብስ ሰፊ እና ደንገል ታንኳ እየቀዘፉ ዓሣ የሚያጠምዱ አንድ አባት በተለያየ ቀን ክሊፑን በስልክ አዩት። ክሊፑ በትልቁ ስክሪን ስላልታየ ልጆቹ ቅር ብሏቸው ነበር፤ ሰው የሚያየው ግን በስልክ ነው፤ ያውም ፀሐይ ላይ ቆሞ። ልጆቹ ከጎን ተቀምጠው የሚያዩት ስልኩን ሳይሆን የተመልካቹን ፊት ነው። በእጃቸው ደብተርና ሰዓት አለ። ዓይን ከስልኩ ሲነሳ ደቂቃውን ይጽፋሉ፤ ፈገግታ ሲመጣ ይጽፋሉ፤ እግር ምት መምታት ሲጀምር ይጽፋሉ። ማብራራት ክልክል ነው። «እዚህ ጋ እኮ ማለት የፈለግነው...» የሚለውን ንግግር አፋቸው ላይ አስቀርቼባቸዋለሁ፤ ዩቲዩብ ላይ ከእያንዳንዱ ተመልካች አጠገብ ተቀምጠው ሊያብራሩ አይችሉምና።

የሦስቱም ሰዎች ዓይን ከ1 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ከግማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ከስልኩ ተነሳ። ሾፌሩ «ዘፈኑ ረዘመ» አለ። ልብስ ሰፊዋ የልጅቷ ቀሚስ አላማራትም። ዓሣ አጥማጁ ምንም አላሉም። ልጆቹ ግራ ገባቸው፤ ዘፈኑን ይቁረጡት ወይስ ቀሚሱን ይቀይሩት? እኔ ምክንያቱን ለጊዜው ተዉትና ቦታውን ተመልከቱ አልኳቸው። ታንኳዋ ከላይ የምትታይበት ምስል ለሦስተኛ ጊዜ የተመለሰው እዚያ ላይ ነው። ቆንጆ ምስል ስለሆነ አልሳሱበትም ነበር። ሁለቱን አወጡ፤ አንዱን አስቀሩ። ከዘፈኑ አንድ ስንኝ አልተነካም፤ ቀሚሱም ያው ነው። ቀጥሎ ያየው ሰው ስለ ርዝመት አልተናገረም።

ሁለተኛው ነገር እኔን ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ መለሰኝ። ልብስ ሰፊዋ ድምፃዊው ታንኳ ላይ ቆሞ ሲዘፍን፣ «ልጁ ከልቡ አይዘፍንም» ብላለች። ድምፃዊው በዚህ አዘነ፤ ከልቡ እንደዘፈነ እኔም አውቃለሁ። ምስሉን በዝግታ አሳለፍኩት። ከንፈሩ ከቃሉ ሦስት ፍሬም ዘግይቷል፤ ፍሬም ማለት ቪዲዮው ተደርድሮ የሚሠራበት አንዱ ነጠላ ምስል ነው። የድምፅ ማጉያው ከካሜራው ጋር ዳር ላይ ነበር፤ ታንኳው ደግሞ አርባ ሜትር ያህል ገባ ብሏል። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በሰከንድ 25 ፍሬም በሚቀርጽ ካሜራ ሲሰላ ለእያንዳንዱ ፍሬም 13 ሜትር ከግማሽ ያህል ይደርሳል፤ አርባ ሜትር ሦስት ፍሬም ነው። ልጁ ዘፈኑን ዘግይቶ ሰማ፤ ዘግይቶም ዘፈነ። ኤዲተሩ ምስሉን ያጋጠመው በካሜራው በተቀዳው ድምፅ ስለነበረ መዘግየቱ አልታየውም። ምስሉን ሦስት ፍሬም ማስቀደም የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ለሌላ ጊዜ ዘፈኑን የሚያጫውተው ስልክ ከድምፃዊው ጋር ታንኳው ላይ ይቀመጥ። ሴትዮዋ «ከልቡ አይዘፍንም» ያለችው ስለ ፍሬም ነበር፤ በእሷ ቋንቋ ተናገረችው፤ በእኛ ቋንቋ መተርጎም የእኛ ሥራ ነው።

ከሁሉም የበለጠ የገረመኝ ግን የዓሣ አጥማጁ ነው። ዘፈኑ አንድ ወጣት አመሻሽ ላይ ጣና ሐይቅን ተሻግሮ ዘጌ ወዳለችው ወዳጁ ስለመሄዱ ነው። አዛውንቱ ዝም ብለው አይተው ሲጨርሱ፣ «ይህ እኮ ጠዋት ነው» አሉ። ልጆቹ ደነገጡ። በእርግጥም የቀረጹት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ቀለሙን በኮምፒውተር ወደ ብርቱካንማ ቀይረው አመሻሽ አስመስለውታል። «እንዴት አወቁ፣ አባቴ?» ሲሏቸው ጣታቸውን ስልኩ ላይ አደረጉ። «ውኃው ተኝቷል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ማታ ሐይቁ እንዲህ ዝም አይልም። ጥላውም ወደ ዘጌ ነው የወደቀው። ማታ ቢሆን ወደ እኛ ነበር።»

አንደኛው ልጅ በኋላ «ከሃያ ሦስት ሰው አንድ ሰው ነው ያስተዋለው፤ እንለፈው» አለኝ። አልተስማማሁም። ክሊፑ የሐይቅ ሰው ታሪክ ከሆነ፣ ሐይቁን የሚያውቅ ሰው የሚለው ከሃያ ሁለቱ ይመዝናል። ሌሎቹ ያላዩት ስለማያውቁት ነው፤ እሳቸው አይተው ቢያልፉን ኖሮ እንደ እንግዳ ቆጥረውን ነበር። ልጆቹ ሰምተውኝ ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደገና ቀረጹ። ታንኳውን ከኋላ ሆነው የቀዘፉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ድምፃዊው ከጋቢው ሥር የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሷል። ማዕበሉ ያወዛውዘዋል። በሁለተኛው ስንኝ ላይ ግራ እጁ ሳያስበው የታንኳውን ጠርዝ ጨበጠ፤ ደንገሉ በጣቶቹ መሐል ሲጎብጥና ውኃ ሲተፋ ይታያል። በጠዋቱ ቀረጻ እጁን ዘርግቶ ነበር የሚዘፍነው። ያን የጨበጠ እጅ ሳይ ልጁ ወዳጁን ለማየት የሚከፍለው ነገር እንዳለ ገባኝ፤ ይህን ለድምፃዊው የነገረው ዳይሬክተር አልነበረም።

የማትቀበሉትም አስተያየት አለ። ከሃያዎቹ ውስጥ ብዙዎቹ «በግንቦት 2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ አስገቡበት፤ የዘንባባውን መንገድ አስገቡበት» ብለዋቸዋል። ድልድዩ 380 ሜትር የሚረዝም፣ ማታ መብራቱ የሚያምር ሥራ ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ። በታንኳ ስለሚሻገር ልጅ በሚዘፈን ዘፈን ውስጥ ግን ቦታ የለውም። ተመልካች አንድ ነገር ጨምሩ ሲላችሁ መጀመሪያ ያለውን ነገር ለምን እንዳልጠገበው ጠይቁ። ስድብን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ቦታ የሚጠቁም ከሆነ ቦታውን ጻፉ፤ ካልጠቆመ እለፉት።

ክሊፑ ከተለቀቀ በኋላ ዩቲዩብ ራሱ ተመልካች የት ቦታ ላይ ጥሎ እንደሚሄድ በመስመር ስሎ ያሳያችኋል። ላይክ ከመቁጠር ይልቅ ያን መስመር አጥኑት። መስመሩ ገና በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ሲወድቅ የማያቸው የተማሪ ሥራዎች ብዙ ናቸው፤ ምክንያቱም ሃያ ሰከንድ ሙሉ የቡድኑ ዓርማና ስም ዝርዝር ይዞርባቸዋል። ስማችሁን መጨረሻ ላይ አድርጉት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ወጣት ይዘነጋዋል። ሰው አንድን ክሊፕ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው አንዴ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የምታውቁትን ሰው ሁሉ ከጨረሳችሁት፣ ሦስተኛው ሲደርስ የምታሳዩት ትኩስ ዓይን አይኖራችሁም። እናታችሁ፣ የክፍል ጓደኞቻችሁ፣ መምህራችሁ ሁሉም የቀድሞውን እያስታወሱ ነው የሚያዩት። ሦስት ሦስት ሰው እያደረጋችሁ ቆጥቡ። ረቂቁንም ቀለሙ ሳይሠራ፣ ገና ሻካራ እያለ አሳዩ፤ ሥራው ካማረ በኋላ ሰው ለመንካት ይፈራል፤ እናንተም ለመቁረጥ ትሳሳላችሁ።

ልጆቹ አዲሱን ቅጂ ሐሙስ ያመጡልኛል። እኔ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቁጥሩም ጠፍቶኛል፤ ስለዚህ የእኔን አስተያየት አትጠይቁኝ ብያቸዋለሁ። ከስቱዲዮዬ በር አጠገብ ቡና የምታፈላው ሴት ግን እስከ ዛሬ አንድም ጊዜ አላየችውም። ያደገችው ዘጌ ነው። ሆን ብዬ ነው ያቆየኋት፤ ሐሙስ ስልኩን የምንሰጣት ለእሷ ነው፤ እኛ ደብተራችንን ይዘን ከጎኗ እንቀመጣለን።