ስትጠፉም ተናግራችሁ ጥፉ

እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ላይ ከኮሌጅ የመጣልኝን አንድ ፖስታ ለሦስት ሳምንት ሳልከፍት ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ደብቄው ነበር። ውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም፤ ደስ የሚል ነገር እንዳልሆነ ግን ጠርጥሬያለሁ። በመጨረሻ አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ ቤት ሲያጸዳ አገኘውና ከፈተው። «አንተ፣ 1,900 ዶላር ዕዳ አለብህ እኮ!» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዲቪ ከመጣሁ ዓመት ከምናምን ሆኖኛል። ሌሊት ዲሲ ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ ጠዋት ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) እማራለሁ። አራት ኮርስ ይዣለሁ። ኦክቶበር ሲገባ እንቅልፉም ድካሙም በረታብኝና መሄድ አቆምኩ። ለማንም ሳልናገር በቃ ቀረሁ። የቀረ ልጅ ስሙ ተሰርዞ ያበቃል መስሎኝ ነበር። ለካ እዚህ አገር ዝም ብሎ የቀረ ሰው አልወጣም። በአራቱም ኮርስ ኤፍ ተሰጠኝ። መንግሥት ከከፈለልኝ የትምህርት እርዳታ ከፊሉ ተመላሽ ተደረገና ኮሌጁ ጉድለቱን ከእኔ ጠየቀ። ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ መመዝገብም አልቻልኩም። በወር 150 እየከፈልኩ ዓመት ከምናምን ፈጀብኝ።

ያኔ አንድ ቢሮ ገብቼ «ደክሞኛል፣ ምን ይሻለኛል?» ብል ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ግን አፈርኩ። የሰው ሥራ ማስፈታት መሰለኝ። እኛ አገር ጨዋ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ዝም የሚል ነው፤ አስተማሪ ፊት ብዙ መናገርም እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ያ ጨዋነት ለቤተ ዘመድ ጥሩ ነው። ኮሌጅ ውስጥ ግን በዶላር ያስከፍላል።

ስለዚህ ዘንድሮ ኮሌጅ ለምትገቡ ልጆች መጀመሪያ የምነግራችሁ የመግቢያውን ሳይሆን የመውጫውን በር ነው። ሴሚስተሩ እንደጀመረ ባሉት ጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ አንድን ኮርስ «ድሮፕ» ብታደርጉ ገንዘቡ ይመለሳል፤ ኮርሱም እንዳልያዛችሁት ይቆጠራል። ያ ቀን ካለፈ «ዊዝድሮው» ይባላል። ገንዘቡ አይመለስም፤ ትራንስክሪፕታችሁ ላይ ደብልዩ ትጻፋለች። ደብልዩ አማካይ ውጤታችሁን አትነካም፣ ከኤፍ ጋር አትወዳደርም። ለዚህም ቢሆን የመጨረሻ ቀን አለው። እሱ ካለፈ የሚጠብቃችሁ ውጤታችሁ ነው፣ የፈለገው ቢሆን።

ሁሉንም ኮርስ ጥላችሁ ከሆነ የምትወጡት፣ 60 በመቶ የምትለዋን ቁጥር ያዙ። የፌዴራል እርዳታ የሚወስድ ተማሪ ከሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ሁሉን ትቶ ከወጣ፣ ካልተማረበት ጊዜ ጋር የሚመጣጠነው ገንዘብ ወደ መንግሥት ይመለሳል። እኔን ያገኘችኝ ይቺ ናት። ደብልዩም ብትሆን ስትደጋገም አትምርም። ኮሌጆች እርዳታ ለመቀጠል አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት አማካይ ውጤት ከ2.0 እንዳይወርድና ከያዛችሁት ክሬዲት ሁለት ሦስተኛውን ያህል እንድታልፉ ነው። በደብልዩ የወጣችሁበት ኮርስ «ያልታለፈ» ተብሎ ይቆጠራል።

ወደ እርዳታው ልምጣ። ፋፍሳ የምንለው የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻ ፎርም በየዓመቱ ኦክቶበር 1 ወይም ከዚያ ቀደም ብሎ ይከፈታል። ነጻ ነው። ስሙ ራሱ «ነጻ ማመልከቻ» ብሎ ይጀምራል፤ ሆኖም አሁንም 100 እና 200 ዶላር ከፍለው የሚያስሞሉ ወገኖች አሉ። ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛ ወይም ጥገኝነት የተሰጠው ሰው ማመልከት ይችላል። በተማሪ ቪዛ የመጣ ግን አይችልም። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ እርዳታ ለ2025–26 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው። ይሄ ለብዙ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የዓመት ክፍያ በቂ ነው፣ ለመጽሐፍም ይተርፋል። የተረፈው በእጃችሁ ሲገባ የመኪና ቅድሚያ ክፍያ አታድርጉት። (አደረግሁት። ኮሮላ ነበረች።)

በየመጸው ቅዳሜ ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ቁጭ ብዬ ልጆችን ፋፍሳ አስሞላለሁ። ዓመት በዓመት የማየው ያንኑ ስህተት ነው።

አንደኛው ስምና የልደት ቀን ነው። መስከረም 1 ቀን 1998 የተወለደች ልጅ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2005 ናት። ግን ፓስፖርት ሲወጣ አንዱ ጸሐፊ አዛብቶት ሌላ ቀን ሆኗል፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱም በዚያው ወጥቷል። ልጅቷ «እውነተኛው ይሄ ነው» ብላ ትክክለኛውን ትሞላለች፣ ሲስተሙ አላውቅሽም ይላታል። ፎርሙ ላይ የምትጽፉት ሶሻል መሥሪያ ቤቱ የያዘውን ነው። ስምም እንደዚያው፤ የአያት ስም ካርዱ ላይ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም።

ሁለተኛው የባሰ ነው። አንድ ልጅ አክስቱ ጋ ይኖራል። እናትና አባቱ ደሴ ናቸው። አክስት ደግሞ የታክስ ወረቀቷን ይዛ በኩራት ትመጣለች፤ «እኔ ነኝ የማሳድገው» ትላለች። እውነቷን ነው፣ እሷ ናት የምታሳድገው። በፋፍሳ ሕግ ግን አክስት፣ አጎት፣ አያት በሕግ በጉዲፈቻ ካላሳደጉ «ወላጅ» አይባሉም። ልጁ 24 ዓመት ካልሞላው፣ ካላገባና የራሱ ልጅ ከሌለው የሚጻፈው ደሴ ያሉት ወላጆቹ ገቢ ነው፤ ከብር ወደ ዶላር ተመንዝሮ። ወላጆቹ ሶሻል ባይኖራቸውም የፋፍሳ አካውንት መክፈት ይችላሉ። ስንት ልጅ ነው የአክስቱ ደመወዝ ተጽፎበት ያለ አግባብ እርዳታ የቀረበት! ሁለቱም ወላጆች በሕይወት ከሌሉ ወይም እዚህ ያለ ፍርድ ቤት ለአክስት ሞግዚትነት ከሰጠ ግን ልጁ ራሱን እንደቻለ ይቆጠራል፣ የወላጅ ገቢ አይጠየቅም። ይሄን እዚያው ኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ቀርባችሁ ተናገሩ።

ሦስተኛው ትልልቆቹን ይመለከታል። ከአገር ቤት የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው ፔል ግራንት አይፈቀድለትም፤ ብድር ግን ይችላል። «የኔን ዲግሪ ማን ያውቀዋል?» ብሎ መደበቅ የሐሰት ፊርማ ነው። ይልቅ ዲግሪያችሁን እንደ ደብልዩ ኢ ኤስ ባለ ድርጅት አስገምግሙ። ማስተርስ በቀጥታ መግባት የሚችል ሰው ሂሳብ ከሀ ብሎ ሲጀምር ማየት ያናድደኛል።

ብድር ካስፈለገ ሁለቱን ለዩ። አንደኛው ተማሪ ሳላችሁ ወለዱን መንግሥት የሚሸፍነው ነው። ሌላው ከተቀበላችሁበት ቀን ጀምሮ ይወልዳል። ኮሌጁ ሁለቱንም ደርድሮ ያቀርብላችኋል፤ ሁለቱንም መቀበል ግዴታ አይደለም።

የት እንግባ ለሚለው፣ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መጀመር የሚያሳፍር ነገር የለውም። እዚህ ዲሲ አካባቢ የኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ተማሪ ከጅምሩ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር ባለው አድቫንስ በሚባለው ፕሮግራም ገብቶ መንገዱን አስተካክሎ መሄድ ይችላል። ሜሪላንድ ያለ የሞንትጎመሪ ኮሌጅ ተማሪም ሮክቪል ያለው ሼዲ ግሮቭ የሚባል የጋራ ካምፓስ ገብቶ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲዎችን ዲግሪ ይጨርሳል። ችግሩ የሚመጣው ወደ ዩኒቨርሲቲው የማይሻገር ኮርስ ሲወሰድ ነው። አድቫይዘር (የትምህርት አማካሪ) ጋ የምትሄዱት ልትመረቁ ስትሉ ሳይሆን የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ነው። ጥያቄውም አንድ ነው፦ «እዚህ ዩኒቨርሲቲ፣ ይሄን ትምህርት ልማር ነው። ይሄ ኮርስ ይቆጠርልኛል?» መልሱን በኢሜይል ተቀበሉ።

ሌላ ቁጥር ልጨምር። ሙሉ ጊዜ ተማሪ የሚያሰኘው 12 ክሬዲት ነው። የሁለት ዓመቱ ዲግሪ ግን 60 ክሬዲት ገደማ ስለሆነ በ12 በ12 ሄዳችሁ በአራት ሴሚስተር አይደረስም። 15 ያስፈልጋል፤ ካልሆነ በሰመር (በዕረፍቱ ወራት) መጨመር ነው። ሌሊት የምትሠሩ ከሆነ ግን 15 አትያዙ። እኔን ያየ ይጠንቀቅ። ሁለት ኮርስ ይዞ ሁለቱንም ማለፍ አራት ይዞ ከመውደቅ ይሻላል። አገር ቤት የሚጠብቁት ቤተሰቦችም ቢሆኑ አንድ ዓመት ትንሽ ቢቀንስባቸው ይረዳሉ፤ ቁጭ ብላችሁ ደውሉና አስረዷቸው።

ነርሲንግ ልማር ለምትሉ (ግማሻችሁ መሆናችሁን አውቃለሁ)፦ ኮሌጅ መግባት ነርሲንግ መግባት አይደለም። መጀመሪያ አናቶሚውን፣ ፊዚዮሎጂውን ጨርሳችሁ እንደገና ታመለክታላችሁ፤ ብዙዎቹ ጋ ቲስ የሚባል ፈተናም አለ። እዚያ ላይ አንድ ሲ ብዙ ታስቀራለች። ደም ስታዩ የምታዞራችሁ ከሆነ ደግሞ ለእማማ አሁኑኑ ንገሯት።

ክፍል ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን የሚሰጣችሁ «ሲላበስ» (የኮርሱ ዕቅድ ወረቀት) ውል ማለት ነው። የፈተናው ቀን፣ ዘግይቶ የገባ ሥራ ስንት እንደሚቀነስበት፣ ስንት መቅረት እንደሚፈቀድ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ሰዓቱም «ኦፊስ አወር» ተብሎ ተጽፏል። ኦፊስ አወር ማለት ፕሮፌሰሩ ለእናንተ ብሎ በሩን ከፍቶ የሚቀመጥበት ሰዓት ነው፤ መሄድ ማስቸገር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ቁጭ ብሎ ስልኩን ሲነካካ ነው የምታገኙት። ስትሄዱ «አልገባኝም» ብቻ አትበሉ። «ሦስተኛው ጥያቄ ላይ እስከዚህ ሠራሁ፣ ከዚህ በኋላ ጠፋብኝ» ብላችሁ ወረቀቱን አሳዩ። ኢሜይል ስትጽፉ ስለ ጤናው፣ ስለ ቤተሰቡ ጠይቃችሁ አትጀምሩ። ማን እንደሆናችሁ፣ የትኛው ክፍል እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምትፈልጉ፤ አራት መስመር ይበቃል።

አሁን ለወላጆች። ባለፈው ዓመት አንድ አባት ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አስረው የልጃቸውን ውጤት ሊጠይቁ ኮሌጅ ሄዱ። አብሬያቸው ነበርኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ በትህትና «መናገር አልችልም» አለቻቸው። «እኔ አይደለሁም እንዴ የምከፍለው?» አሉ። ደገመችላቸው። እስከ መኪናው ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም። ይሄ የሴትየዋ ክፋት አይደለም። ከ1974 ጀምሮ ያለ የፌዴራል ሕግ ነው፤ ልጁ ኮሌጅ ከገባ የትምህርት መዝገቡ ላይ መብቱ የራሱ ይሆናል። ልጁ ፈቅዶ ከፈረመ ግን ኮሌጁ ሊነግርዎ ይችላል። ስለዚህ ነሐሴ ላይ፣ ነገር ሳይበላሽ፣ ቡና ተፈልቶ በሰላም ተነጋገሩበት። ልጆች፣ እናንተም ባትፈርሙ እንኳ ስትወድቁ ለቤት ተናገሩ። አባትየው በኋላ ያወቁት ነገር ልጃቸው ከሁለት ወር በፊት ማቆሙን ነው። ልጁ ጠዋት ጠዋት ቦርሳውን አንግቶ ይወጣና ቤተ መጻሕፍት ይውል ነበር።

ያ ልጅ አሁን ተመልሶ ሁለት ኮርስ ይዟል። ቤታቸው ስሄድ የፍሪጁ በር ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ካላንደር አጠገብ አንዲት ቢጫ ወረቀት ተለጥፋለች። በአባትየው እጅ ጽሑፍ፣ በቀይ እስክሪብቶ፦ «ዊዝድሮው — እስከ ማርች 24»።