መልስ፦ የትሬይነር ካርድ ግራ ለገባህ

ወንድሜ፣ አጎትህ የፖኬሞን ካርድ (ሁለት ሰው የሚጋጠምበት የካርድ ጨዋታ) ልኮልህ፣ «ተጫዋቾች አንዱን ትሬይነር (አጋዥ ካርድ) በአንድ ተራ ደጋግመው ይጥሉታል፣ ሌላውን ግን አንዴ ብቻ ይላሉ፤ ለምን?» ብለሃል። እኔና እህቴም እዚህ ደሴ ስንጀምር የተጨቃጨቅነው በዚሁ ነው።

አንድ ተጫዋች የሚይዘው 60 ካርድ ሦስት ዓይነት ነው፦ ፖኬሞን፣ ኢነርጂና ትሬይነር። ፖኬሞኑ ይዋጋል። ኢነርጂ ለጥቃቱ ኃይል ይሰጣል፤ በአንድ ተራ ከእጅህ አንድ ብቻ ከፖኬሞንህ ጋር ታያይዛለህ።

ትሬይነር ግን ስሙ አንድ ሆኖ ሕጉ ይለያያል። ካርዱ አናት ላይ የተጻፈውን አንብብ። አይተም (ዕቃ) ከሆነ የፈለግከውን ያህል ጣል። ሰፖርተር (ደጋፊ) ከሆነ በተራህ አንድ ብቻ። ጨዋታውን የሚጀምረው ሰው ደግሞ በመጀመሪያ ተራው ሰፖርተር ጭራሽ አይጥልም። ምክንያቱም ሰፖርተር ከባድ ነው፤ በእጅህ ያለውን ሁሉ አስወግዶ 7 አዲስ ካርድ የሚያስስብህ አለ። ይሄ በአንድ ተራ ሦስት አራቴ ቢፈቀድ ተጋጣሚህ ምን ተስፋ አለው?

ስታዲየም (ሜዳ) የሚባለው ትሬይነር ጠረጴዛው ላይ ይቆያል፣ ለሁለታችሁም ይሠራል፤ ሌላ ስታዲየም ሲመጣ ይነሳል። እሱም በተራ አንድ ነው።

ለጊዜው አይተሙንና ሰፖርተሩን ለያይተህ ቁጠር። ሰፖርተር ከበዛብህ እጅህ ላይ ታስሮ ይቀራል። ቅዳሜ የሐረጎን ዳገት ወጥተህ ደሴ ከመጣህ ካርዶችህን ይዘህ ና፣ አብረን እናያቸዋለን።