ብቅ ብሎ እልም የሚለው ጥቁር መስኮት

የኮምፒውተር ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ባለ የፎቶኮፒና የጽሕፈት ሱቅ ነው የምሠራው። ተማሪው ወንድሜ የደንበኞቻችንን ዱቤ የሚደምር የፓይተን ስክሪፕት (በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም) ጽፎልኝ ነበር፤ እሱ ላፕቶፕ ላይ ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ። ሱቅ ባለው ዊንዶውስ 10 ላይ ደብል ክሊክ ሳደርገው ግን ጥቁር መስኮት ብቅ ይልና ወዲያው እልም ይላል። ወንድሜ ደውዬ ስጠይቀው "ሲኤምዲ (ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት) ከፍተሽ ፓይተን ብለሽ ጻፊ" አለኝ፤ ብጽፍ ደግሞ ማይክሮሶፍት ስቶር ተከፈተብኝ። ቫይረስ ይሆን?

መልስ፦ ቫይረስ አይደለም፣ አይዞሽ። ያ ጥቁር መስኮት የስክሪፕቱ መሥሪያ ነው፤ ስክሪፕቱ ሲያቆም አብሮት ይዘጋል። በሰላም ጨርሶም ሊሆን ይችላል፣ ገና መጀመሪያው መስመር ላይ ተሰናክሎም ሊሆን ይችላል፤ ላንቺ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነው የሚታይሽ። የሚያናድደው፣ ምን እንደተበላሸ የሚናገረው ጽሑፍ እዚያው መስኮት ላይ ወጥቶ አብሮ መጥፋቱ ነው።

ብዙ ሰው "መጨረሻው ላይ ኢንፑት ከነባዶ ቅንፉ ጨምሪበት፣ ኢንተር እስክትጫኚ ይጠብቅሻል" ይላል። ውሸት አይደለም። ግን ስክሪፕቱ መሃል ላይ ከወደቀ መጨረሻው ጋ መቼ ሊደርስ ነው?

ይልቅ እንዲህ አድርጊ። ስክሪፕቱ ያለበትን ፎልደር ክፈቺ። ከላይ የፎልደሩ አድራሻ ያለበትን ቦታ ተጫኚና ያለውን አጥፍተሽ ሲኤምዲ ብለሽ ጽፈሽ ኢንተር በይ (ትእዛዞቹን እዚህ እንደሚነበቡ ነው የጻፍኳቸው፤ ኪቦርድሽ ላይ በላቲን ፊደል ናቸው)። ጥቁሩ መስኮት እዚያው ፎልደር ላይ ቆሞ ይከፈታል። አሁን ፒዋይ፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ የስክሪፕቱን ስም ከነነጥብ ፒዋይው ጻፊ። ይህኛው መስኮት አንቺ ካልዘጋሽው አይዘጋም፣ ስለዚህ የሚለውን ሁሉ ተረጋግተሽ ታነቢያለሽ።

ፓይተን ሳይሆን ፒዋይ ያልኩሽ በምክንያት ነው። ፒዋይ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ፣ ከፓይተን 3.3 ማለት ነው፣ ከዊንዶውሱ ፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣ ማስነሻ ነው፤ ፓይተኑ የት እንደተቀመጠ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። ፓይተን የሚለው ትእዛዝ ግን የሚሠራው ሲጫን "ወደ ፓዝ ጨምር" (ፓዝ ዊንዶውስ ትእዛዞችን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ነው) የምትለዋ ሳጥን ምልክት ከተደረገባት ብቻ ነው። እሷን ሰው ሁሉ ዘሏት ያልፋል። ዊንዶውስ ያንን ስም ሲያጣው ነው ስቶሩን የሚከፍትልሽ። ማስታወቂያ ይመስላል፣ እኔንም ደስ አይለኝም፤ ሴቲንግስ ውስጥ አፕ ኤግዚኪዩሽን ኤሊያስ ብለሽ ፈልገሽ የፓይተኖቹን ማብሪያ ብታጠፊው ይተውሻል። ፒዋይ ራሱ አልታወቀም ካለሽ ግን ፓይተኑ በትክክል አልተጫነም ማለት ነው፤ ከፓይተን ይፋዊ ድረ ገጽ አውርደሽ፣ ሳጥኗንም ምልክት አድርገሽ እንደገና ጫኚው።

ስሕተት ከወጣ ከመጨረሻው መስመር ጀምረሽ አንብቢ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው ያለው። ወንድምሽ ጋ ሠርቶ አንቺ ጋ እምቢ ያለ ስክሪፕት ሲገጥመኝ ሁለት ነገር ነው የምጠረጥረው። አንዱ ሞጁል ኖት ፋውንድ የሚል ስሕተት ነው፤ ወንድምሽ እሱ ኮምፒውተር ላይ የጫነው፣ አንቺ ጋ የሌለ ተጨማሪ ጥቅል አለ። ብዙ ጊዜ ስሙ እዚያው ተጽፎ ታገኚዋለሽ፤ ፒዋይ፣ ሰረዝ ኤም፣ ፒፕ፣ ኢንስቶል ብለሽ ስሙን አስከትይ። ሌላው ፋይል ኖት ፋውንድ ነው፤ የዱቤው ፋይል አድራሻ በወንድምሽ ላፕቶፕ ፎልደር ስም ተጽፎ ቀርቶ ይሆናል፣ እሱን ራሱ ያስተካክልልሽ።

አንዴ በትክክል ከሠራ በኋላ በየቀኑ ሲኤምዲ መክፈት አያስፈልግሽም። ኖትፓድ ላይ ሁለት መስመር ጻፊ፤ አንደኛው ያው ፒዋይና የስክሪፕቱ ስም፣ ሁለተኛው ፖዝ የምትል ቃል ብቻ። ስሙን በነጥብ ባት አስጨርሰሽ ስክሪፕቱ አጠገብ አስቀምጪውና ደብል ክሊክ የምታደርጊው እሱን ይሁን። ስክሪፕቱ ቢወድቅም መስኮቱ ቁልፍ እስክትነኪ ይጠብቅሻል። ኖትፓድ በጎን ነጥብ ቲኤክስቲ እንዳይቀጥልበት ግን ሴቭ ስታደርጊ ኦል ፋይልስ የሚለውን ምረጪ።

የፋይሉን መጨረሻ ነጥብ ፒዋይደብልዩ አድርጊው፣ ጥቁሩ መስኮት ጭራሽ አይመጣም የሚልሽም አይጠፋም። እውነት ነው፣ አይመጣም፤ ስሕተቱም አብሮ አይታይም። ለገንዘብ ሥራ በፍጹም አልመክርሽም።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ፔንሲዮን ውስጥ ነኝ። የእንግዶቻችንን ስም በአማርኛ የሚመዘግብ ስክሪፕት አለኝ። ስሙ ጥቁሩ መስኮት ላይ እንደ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይታያል፣ ፋይል ላይ ሲጽፍ ደግሞ ቻርማፕ ምናምን ብሎ ይቆማል። ዊንዶውስ አማርኛ አይችልም እንዴ?

መልስ፦ ይችላል። ሁለት የተለያየ ነገር ነው የገጠመህ። ሳጥኑ የፎንት ጉዳይ ብቻ ነው፤ መስኮቱ የሚጠቀምበት ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም እንጂ ስሙ ውስጡ ደህና ነው። ገልብጠህ ወርድ ላይ ብትለጥፈው ቁልጭ ብሎ ይታይሃል። ዊንዶውስ ተርሚናል የሚባለውን ብትጭን ደግሞ የጎደለውን ፊደል ከሌላ ፎንት ተውሶ ያሳይሃል።

ፋይሉ ላይ ያለው ነው ዋናው። ፓይተን ዊንዶውስ ላይ ፋይል ሲከፍት፣ አንተ ካልነገርከው፣ የኮምፒውተሩን የቆየ የፊደል ሠንጠረዥ ይጠቀማል፤ የእንግሊዝኛ ዊንዶውስ ከሆነ ብዙውን ጊዜ 1252 የሚባለውን ነው፣ እዚያ ውስጥ ደግሞ "ሀ" ብሎ ነገር የለም። ስለዚህ ኦፕን በምትልበት ቦታ ሁሉ ኢንኮዲንጉ (የፊደል ሠንጠረዡ) አማርኛንም የሚይዘው ዩቲኤፍ 8 ነው ብለህ ጻፍለት። ፋይሉ ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ የተለዩ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) ሆኖ በኤክሴል የምትከፍተው ከሆነ ግን ዩቲኤፍ ሰረዝ 8 ሰረዝ ሲግ በለው። ይቺን ሲግ ከዘለልካት ፓይተኑ ዝም ብሎ ይጽፋል፣ ኤክሴል ግን የእንግዳውን ስም የማይነበብ ዝብርቅርቅ ሊያደርገው ይችላል፤ ያኔ ስሕተቱ የማን እንደሆነ ስትፈልግ ትውላለህ።

ስክሪፕቱን መንካት ካልፈለግክ ፓይተን ዩቲኤፍ 8 የሚባል የሲስተም ተለዋዋጭ (ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል) ፈጥረህ ዋጋውን 1 አድርገው፤ ከፓይተን 3.7 ጀምሮ ይሠራል። ስሙ ሁሉም በትልቁ ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ነው የሚጻፈው። እኔ ግን ስክሪፕቱ ውስጥ መጻፉን እመርጣለሁ፤ ነገ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትወስደው ተለዋዋጩ አብሮህ አይሄድም።

ጥያቄ፦ የኔ አሮጌ ዊንዶውስ 7 ነው። አዲሱ ፓይተን አልጫን አለኝ፣ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ 3.8 ጫን። ዊንዶውስ 7 የሚቀበለው የመጨረሻው እሱ ነው፤ ከ3.9 ጀምሮ ያሉት አይጫኑበትም። የ3.8 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2024 ስለቆመ ኢንተርኔት ላይ ለሚውል ሥራ አትጠቀምበት፤ ለመለማመጃና ለሱቅ ሒሳብ ግን ይበቃሃል።