ሐረጎ ላይ ብቻ የምትጮኸው ዲኤክስ

ጥያቄ

ሰላም ለአዘጋጁ። የምኖረው ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። መኪናዬ አባቴ የተወልኝ የ1982 እ.ኤ.አ. ሥሪት ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ከሆዷ ሥር «ቋ!» የሚል ድምፅ አለ። ነዳጅ ለቅቄ በማርሽ ስይዛት ቋ፣ መልሼ ነዳጅ ስረግጥ ቋ። ሜዳ ላይ ዝግ ብዬ ስሄድ ደግሞ እንደ ጫጩት ጭር ጭር ትላለች፣ ፍጥነት ስጨምር ጭርታውም ይፈጥናል። ማታ ወደ ደሴ ስወጣ «ቋ» የሚባል ነገር የለም። መካኒክ ጋ ስወስዳትማ ጭራሽ ጸጥ! ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጥና «ምንም የለባትም» ይለኛል። ሌላው ጋራዥ የኋላ ሾክ አብዞርበር አስቀየረኝ፣ ሦስተኛው የፊት ጎሚኒዎችን (በብረቶቹ መሃል የሚገቡትን ላስቲኮች)። ድምፁ አልሄደም፣ ብሬ ግን ሄዷል። ባለቤቴ «ሽጣትና እንረፍ» ትላለች። ምን ላድርግ?

ባለዲኤክሱ፣ ከደሴ

መልስ

ወንድሜ፣ ግማሹን መልስ አንተው ጽፈህልኛል። ብዙ ሰው «መኪናዬ ትንኳኳለች» ይልና ደብዳቤውን ይዘጋል። እሱን ይዤ ምን ልበል? አንተ መቼ እንደምትጮኽ፣ መቼ እንደምትተው፣ ከምን ጋር እንደምትፈጥን ነግረኸኛል። ለመካኒኮቹስ እንዲህ ነግረሃቸው ነበር? ወይስ «ድምፅ አላት፣ እያት» ብለህ ቁልፉን ሰጥተህ ሻይ ልትጠጣ ሄድክ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ።

ጋራዥ ስትደርስ ዝም የምትለው ተንኮለኛ ሆና አይደለም። ቆማ ሞተሯ ብቻ ሲዞር ከሥር ያለው ሻፍት፣ ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ፣ አይዞርም፣ ጭነትም የለበትም። ሐረጎን አስበው። ከደሴ ኮምቦልቻ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ በዚያች መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ነዳጅ ስትለቅ ሞተሩ ጎማውን መንዳት ያቆምና ጎማው ሞተሩን መንዳት ይጀምራል። ኃይሉ አቅጣጫ ቀየረ ማለት ነው። ስትረግጥ እንደገና ይገለበጣል። በመሃል የላላ መጋጠሚያ ካለ፣ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ሲጋጭ ነው «ቋ» የሚለው። ሽቅብ ስትወጣ ግን ነዳጅ ብዙም አትለቅም፣ ኃይሉ በአንድ በኩል ብቻ ይገፋል፣ የላላውም ተጠግቶ ይይዛል። ለዚህ ነው ማታ ጸጥ የምትለው።

ስለዚህ ሾክ አብዞርበሩን ለቀቅ አድርገው፣ እሱ የሚንኳኳው ጉድጓድ ሲያገኝ ነው እንጂ ነዳጅ ስትለቅ አይደለም። የፊት ጎሚኒዎቹም እንደዚያው። ፍሬን ነው እንዳልል አንተ ፍሬን ስትረግጥ አላልክም። የእኔ ጥርጣሬ ክሮቼራው ላይ ነው። ያንተ ዲኤክስ የምትነዳው በኋላ ጎማ ስለሆነ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ኋላ የሚሄድ ሻፍት አላት፣ ክሮቼራ የሚባለው እሱን የሚያጋጥመው ባለመስቀል ብረት ነው። ውስጡ ያሉት ትንንሽ መርፌ መሰል ኩሽኔታዎች (ብረቱ ሳይፋተግ እንዲዞር የሚያደርጉት) ግራሳቸው ሲያልቅ መጀመሪያ ጭር ጭር ይላሉ፣ ቆይተው ይላላሉ፣ ከዚያ ቋ ይመጣል። አንተ ሁለቱንም እየሰማህ ነው።

ግን እኔን አትመን፣ ቁጠር። የኋላ ጎማው ጎን ላይ በጠመኔ አንድ መስመር አስምር። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ መኪና የማይበዛበት መንገድ ፈልግ፣ ጓደኛህ በሰው እርምጃ ፍጥነት ይንዳ፣ አንተ መስኮት ከፍተህ ሳይሆን ወርደህ ከጎን በእግርህ ሂድ። ያንተ ጎማ አንዴ ሲዞር 1.8 ሜትር ያህል ይሄዳል። ጠመኔው አንድ ዙር ሲዞር «ጭር» አንዴ ብቻ ካለ ችግሩ ጎማው አካባቢ ነው፦ ኩሽኔታ፣ የፍሬን ታምቡር፣ ወይም ጎማው ጥርስ ውስጥ የገባች ጠጠር (አትሳቅ፣ ጠጠር ስንቱን አስከፍላለች)። አራት ጊዜ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ካለ ግን ሻፍቱ ነው፣ ምክንያቱም ሻፍቱ ጎማው አንዴ ሲዞር አራት ጊዜ ገደማ ይዞራል።

ከዚያ በፊት ግን መኪናዋን ባዶ አድርጋት። ክሪክ፣ ስኮርታ ጎማ፣ ጠርሙስ፣ ሳንቲም፣ ሁሉም ይውጣ። ይህን የምለው ተቃጥዬ ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ኮብልስቶን ላይ በወጣሁ ቁጥር ከኋላ በቀኝ በኩል የሚደቃ ነገር ነበረኝ። አንድ ጋራዥ ገባሁ፣ ፈታ፣ ቀየረ፣ አስከፈለ። አሁንም ይደቃል። በዚያው ሰሞን ባለቤቴ የቡና ዘነዘናዋ ጠፍቶባት ከጎረቤት እየተዋሰች ትወቅጥ ነበር። ሦስት ሳምንት! አንድ ቅዳሜ መኪናውን ሳጥብ የኋላ ወንበሩ ሥር ተንከባሎ አገኘሁት፣ ቤት ስንቀይር ከዕቃው ጋር ተጭኖ እዚያ ወድቆ። ሙቀጫው ቤት፣ ዘነዘናው መኪና ውስጥ። ለመካኒኩ እስካሁን አልነገርኩትም።

ቁጥሩ ሻፍቱን ካሳየህ፣ ሜዳ ላይ አቁማት፣ ሞተር አጥፋ፣ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ደግፍ፣ ማርሹን ነጻ አድርግ። በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥር አትግባ፣ በዚህ ቀልድ የለም። ሻፍቱን ከክሮቼራው በዚህ በኩል በአንድ እጅ፣ በዚያ በኩል በሌላ እጅ ይዘህ ጠምዝዝ፣ ወደ ላይና ወደ ታችም ነቅንቅ። ሁለቱ ጎኖች አብረው መንቀሳቀስ አለባቸው። በመሃላቸው ክፍተት ከተሰማህ አልቋል። መስቀሉ ጫፍ ላይ ቀይ የዝገት ዱቄት ካየህማ ሌላ ምስክር አያስፈልግህም። ሻፍቱ በሙሉ ትንሽ ዞር ዞር ቢልና ጎማው ባይንቀሳቀስ ግን አትደንግጥ፣ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ጥርስ) ውስጥ ትንሽ ክፍተት ያለ ነገር ነው። በዚህች ብቻ ዲፈረንሻል ልሽጥልህ የሚል ካለ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ።

ክሮቼራው ደህና ከሆነስ? ኮፈኑን ክፈትና ጓደኛህ ሞተር አስነስቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬን ረግጦ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ይልቀቅ፣ አንተ ከፊት ሳይሆን ከጎን ቆመህ ሞተሩን እይ። ከመቀመጫው ብድግ ካለ የሞተሩ ጎሚኒ ተበጥሷል። እሱም ነዳጅ ስትለቅና ስትረግጥ «ቋ» ይላል።

አንዳንዱ ክሮቼራ ብቻውን ይወጣል፣ በፋብሪካ ተመትቶ የታሰረው ግን ቶርኖ ቤት (ብረት መቅረጫ) ይፈልጋል። በየትኛውም መንገድ፣ ሻፍቱ ከመፈታቱ በፊት ሻፍቱና ዲፈረንሻሉ ፊት ለፊት የሚገጥሙበት ላይ በነጭ ቀለም ምልክት ይደረግ። ዝም ብሎ ዞሮ ከተገጠመ «ቋ» ሄዶ ንዝረት ይመጣብሃል፣ ከዚያ ሌላ ደብዳቤ ልትጽፍልኝ ነው።

እስክታሠራት ድረስ ሐረጎን አትውረድባት፣ በሚኒባስ ሂድ። ክሮቼራ ከተበጠሰ ሻፍቱ አስፋልት ላይ ይወድቃል። እና ደግሞ «ማርሽ ነጻ ሳደርግ ድምፁ ይጠፋል» ብለህ ነጻ አድርገህ ቁልቁል እንዳትለቃት! ሞተሩ መያዙን ከተወ ሸክሙ በሙሉ ፍሬን ላይ ነው፣ ፍሬን ደግሞ ሲግል መያዝ ያቆማል።

ጥያቄ

ኮምቦልቻ ነው ያለሁት፣ አሮጌ ፒካፕ አለችኝ። ጠዋት ሳስነሳት አንድ ደቂቃ ያህል «ጺ...» ብላ ሰፈሩን ቀስቅሳ ትተወዋለች። ደሴ ያደረች ቀን ይብስባታል። ሞተሯ ነው?

መልስ

አይደለም፣ አይዞህ። ቺንጋው፣ ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ ነው። ባትሪው ለማስነሻ ያወጣውን ኃይል ዲናሞው ሊመልስለት መጀመሪያ ላይ በኃይል ይሠራል፣ የላላው ቺንጋ ደግሞ ያን ሲጎትት ይንሸራተታል። የደሴ ብርድና እርጥበት ያብሰዋል። ሞተር አጥፍተህ ቺንጋውን መሃሉ ላይ በአውራ ጣት ተጫን፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙ ካለፈ ይጥበቅ። ውስጡ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ወይም ከተሰነጠቀ ይቀየር። ዘይትና ሳሙና ቀባበት የሚልህን ጎረቤት ግን አትስማው፣ ለአንድ ጠዋት ዝም ያሰኘውና ጭራሽ ያንሸራትተዋል።